ዘመድን ከሩቅ መያዝ፦ በፌስቡክ፣ በዋትስአፕ፣ በቴሌግራምና በኢሞ ውስጥ ምን ይከናወናል?

እህት ሚኒያፖሊስ ሆና ልጇን ክርስትና ታስነሳለች፤ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ በየቀኑ ፌስቡክ የሚከፍት ሰው ነው፤ ፎቶውን የሚያየው ግን ከሳምንታት በኋላ፣ ያውም ሌላ ሰው አሳይቶት ነው። እሷ «አይቶ ዝም አለኝ» ብላ ታዝናለች፤ እሱ «ሳትነግረኝ» ብሎ ይቀየማል። እንዲህ ያለ ቅያሜ በብዙ ቤት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ፌስቡክ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚመጣው ጓደኞቻችን የለጠፉት ሁሉ አይደለም። ሲስተሙ መጀመሪያ ሊያሳየን የሚችለውን ይሰበስባል፦ የጓደኞችን ልጥፍ፣ የገባንባቸውን ግሩፖች፣ የምንከተላቸውን ገጾች፣ በዚያ ላይ ፈጽሞ የማናውቃቸውን ሰዎች ቪዲዮ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ የሚሰላው «ይህን ብናሳየው ቆም ብሎ ያየዋል? አስተያየት ይጽፍበታል? ለሌላ ያጋራዋል?» በሚል ግምት ሲሆን፣ ግምቱ የሚመጣው ካለፈው ልማዳችን ነው። ብዙ ነጥብ ያገኘው ከላይ ይቀመጣል፤ ትንሽ ያገኘው ወደ ታች ይገፋል፤ እዚያ ድረስ ወርዶ የሚያይ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

ወንድምና እህት በየእሑዱ በስልክ የሚያወሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ፌስቡክ ላይ ግን አንዱ የሌላውን ፎቶ አይቶ ምንም ሳይል የሚያልፍ ከሆነ ስሌቱ የሚቆጥረው ያንን ዝምታ ነው። በየቀኑ ቪዲዮውን የምናይለት የማናውቀው ቀልደኛ፣ በዚህ ስሌት፣ ከእናታችን ልጅ ይልቅ ይቀርበናል። ኩባንያው የሚያተርፈው ከማስታወቂያ ስለሆነ የሚፈልገው ረጅም ሰዓት እንድንቆይለት ነው፤ የሚያቆየን ደግሞ ሁልጊዜ ዘመድ አይደለም።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የወዳጅና የቤተሰብን ልጥፍ አስቀድማለሁ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ቲክቶክ ገበያውን በአጫጭር ቪዲዮ ሲወስደው እሱም ፊቱን ወደዚያው አዞረ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በሰጡት ውሳኔ ላይ የሰፈሩት ቁጥሮች ይህንን በግልጽ ያሳያሉ፦ አሜሪካውያን ፌስቡክ ላይ ከሚያሳልፉት ጊዜ የጓደኞቻቸውን ነገር የሚያዩበት 17 በመቶው ብቻ ነው፤ ኢንስታግራም ላይ ደግሞ 7 በመቶው። «ከወዳጆችዎ ጋር ይገናኙ» ተብሎ የተጀመረው ነገር ዛሬ በአብዛኛው የማያውቁትን ሰው ማያ ሆኗል ማለት ነው።

ስለዚህ ለዘመድ የሚሆን ዜና ካላችሁ መለጠፉን አትተዉት፤ ግን ለጥፌያለሁና አውቀዋል ብላችሁ አትመኑ። ክርስትናውን፣ ምረቃውን፣ ሐኪም ቤት መግባቱን ሊያውቁ ለሚገባቸው ሰዎች በየስማቸው ላኩላቸው። የለጠፈውን ዘመድ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ፎቶውን በ«ላይክ» ብቻ አትለፉት፤ ሁለት ቃል ጻፉበት። ለሰውየው ደስታ ነው፤ ለስሌቱም ምልክት ነው።

ለአንድ ሰው ተብሎ የተላከ

ሞይራ በርክ የተባለች የፌስቡክ ተመራማሪና የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ክራውት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ነገር አለው። ሰዎች ፌስቡክ ላይ የሚያደርጉትን ከደኅንነት ስሜታቸው ጋር አስተያዩ። ስሜታቸው ተሻሽሎ የተገኘው ከቅርብ ሰው፣ ለእነሱ ተብሎ የተጻፈ ቃል ሲደርሳቸው ነው። አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚታለፍ «ላይክ» እና ለሁሉም የተለጠፈን ነገር ማንበብ ያንን ለውጥ አላመጡም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በእንቁጣጣሽ፣ በዒድ፣ በገና፣ በፋሲካ ዋዜማ ስልካችን በአበባና በሻማ ካርድ ይሞላል፤ አንዱ ካርድ ከአምስት ሰው ይመጣል፤ እኛም መልሰን ለሌላ አምስት እንልከዋለን። ክፋት የለውም፤ ቢያንስ ላኪው በሕይወት መኖሩን ይናገራል። ግን «አክስቴ እንኳን አደረሰሽ፤ ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ያ መድኃኒት ተስማማሽ ወይ?» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም። ሁለተኛው መልስ ይጠይቃል። ዝምድናውን የሚያቆየው መልስ የሚጠይቀው ነው፤ አክስት መልስ ስትሰጥ ሌላ ነገር ታነሳለች፣ ያም ሌላውን ይጎትታል።

ለዚህ ከሁሉም የሚስማማን የድምፅ መልእክት ይመስለኛል። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ በጽሑፍ ሲሆን ይደርቃል፣ በድምፅ ሲሆን ይሞቃል። ማንበብና መጻፍ ያልለመዱ እናቶች ልጅ ሳይለምኑ ራሳቸው ተጭነው ይሰሙታል፤ ደጋግመውም ይሰሙታል። የሰዓት ልዩነቱንም ያሸንፋል። ዋሽንግተን በአሜሪካ በጋ ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ እዚያ ያለው ሰው ከሥራ ሲወጣ እዚህ ሌሊት ነው። ማታ የላከው ድምፅ ጠዋት ቡና ሲፈላ ይደመጣል። ደግሞም ዳታ አይበላም፦ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜጋባይት አይሞላም፤ የቪዲዮ ጥሪ ግን በየደቂቃው ብዙ ሜጋባይት ይወስዳል። ከሁሉ በላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ጥሪ ይሞታል፤ የድምፅ መልእክት ግን ይጠብቃል።

ያቺ ምልክት ምን ትላለች?

የት ነው የሚጠብቀው? መልእክት ስንልክ ከስልካችን በቀጥታ ወደ ዘመዳችን ስልክ አይሄድም። መጀመሪያ የኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ያርፋል፤ የተቀባዩ ስልክ ኢንተርኔት ሲያገኝ ይወርድለታል። ዋትስአፕ ያልደረሰ መልእክትን እስከ 30 ቀን ያቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስልኩ ካልተከፈተ ይሰርዘዋል። ቴሌግራም ግን መደበኛውን መልእክት ሁሉ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያስቀምጥ ሰውየው ስልክ ቀይሮ ቢመለስም ያገኘዋል።

ከመልእክቱ ሥር የምትታየው የራይት ምልክት ብዙ ሰው ታስጨንቃለች፤ ስለዚህ ትርጉሟን በደንብ ማወቅ ይገባል። ዋትስአፕ ላይ አንድ ራይት ማለት መልእክቱ ከእናንተ ወጥቶ ኩባንያው ጋ ደርሷል፣ የዘመዳችሁ ስልክ ግን ገና አልተቀበለውም ማለት ነው። ስልኩ ጠፍቶ፣ ዳታው አልቆ፣ ኔትወርክ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ግራጫ ራይት ስልኩ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ አንብቦታል ማለት አይደለም። ሁለቱ ሰማያዊ ሲሆኑ አይቶታል። ሰውየው ይህንን ሰማያዊ ምልክት በሴቲንግ ማጥፋት ስለሚችል ግን ሰማያዊ ሳይሆን መቅረቱ አላየውም የሚል ማስረጃ አይሆንም።

ቴሌግራም ላይ የምልክቶቹ ትርጉም ሌላ ነው። እዚያ ሁለት ራይት ማለት ተነቧል ማለት ነው፤ አንድ ራይት ደግሞ ቴሌግራም ተቀብሎታል፣ ሰውየው ግን ገና አልከፈተውም። ዋትስአፕ የለመደ ሰው ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት ሲያይ «ስልኳ ተዘግቷል» ብሎ ይሸበራል፤ ቴሌግራም የለመደውም ዋትስአፕ ላይ ሁለት ግራጫ አይቶ «አንብባ ናቀችኝ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ልጇ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እናት አንዲት ራይት ስታይ የሚያልፍባትን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ራይት የስልክ ዜና ነው፤ የሰው ዜና አይደለም። ለሦስት ለአራት ቀን ሳትለወጥ ከቆየች፣ ሰውየውም በዚያ ሰዓት መገኘት ልማዱ ከነበረ፣ ያኔ አብሮት ያለ ሌላ ሰው መፈለግ ተገቢ ነው።

ዱባይ ላይ ጥሪው ለምን እምቢ ይላል?

ከዱባይ በዋትስአፕ ወይም በቫይበር ለመደወል ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ብዙ ጊዜ ስልኩን ይወቅሳል። ነገሩ የሕግ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በኢንተርኔት የሚደረግን የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ የሚፈቅዱት ፈቃድ ለተሰጣቸው አፕሊኬሽኖች ብቻ ነው፤ ቦቲም የሚባለው እዚያ የተለመደው ለዚህ ነው። የዋትስአፕ ጽሑፍ፣ ፎቶና የድምፅ መልእክት ግን ያልፋል። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ተመሳሳይ እገዳዋን ማንሳቷን አስታውቃለች፤ ሆኖም የዋትስአፕና የቫይበር ጥሪ ወዲያው አልተከፈተም ነበር። ኢሞ የሚባለው የጥሪ አፕሊኬሽን በወገኖቻችን ዘንድ እንዲህ የገነነው ደግሞ ደካማ ኔትወርክና ርካሽ ስልክ ላይ ስለሚሠራ ነው።

ቪፒኤን፣ ማለትም የስልኩን የኢንተርኔት አድራሻ ደብቆ የተዘጋውን የሚከፍት አፕሊኬሽን፣ እንደ ቀላል መፍትሔ ሲነገር ትሰማላችሁ። በኤምሬትስ ሕግ የኢንተርኔት አድራሻን ደብቆ ወንጀል መፈጸም እስራትና ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። በሰው ቤት ተቀጥራ ላለች ልጅ ይህንን ስጋት ማሸከም ትክክል አይመስለኝም፤ የድምፅ መልእክት እያለ በተለይ። አንዳንዶቹ ስልካቸውን የሚያገኙት አሠሪዎቻቸው ከተኙ በኋላ ብቻ ነው። እንዲህ ላለች ልጅ ቀን ቀን እየደጋገሙ መደወል ችግር ሊያመጣባት ይችላል፤ ሰምታ ሲመቻት የምትመልሰው አጭር ድምፅ ግን አያጋልጣትም። መቼ ስልክ እጇ እንደሚገባ ጠይቋት፤ ያንንም ለሌሎቹ ዘመዶች ንገሩ።

የሚታይና የማይታይ

ዋትስአፕ ከኤፕሪል 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መልእክትን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ቆልፎ ያሻግራል፤ በመሐል ያለው ኩባንያው ራሱ ይዘቱን ማንበብ አይችልም። ቴሌግራም በብዙ ሰው ዘንድ ከሁሉ ይልቅ ምስጢር ጠባቂ ተደርጎ ይታሰባል፤ መደበኛው ንግግር ግን እንዲህ አይቆለፍም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ተብሎ ለብቻው የሚከፈተው የሁለት ሰዎች ንግግር ነው። የቴሌግራም ግሩፕ በዚህ መንገድ የሚቆለፍበት አማራጭ ጭራሽ የለውም። የፓስፖርት፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ወይም የባንክ ደብተር ፎቶ በቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ መላክ የማይመከረው ለዚህ ነው፤ ግሩፑ ውስጥ ካሉት 40 ሰዎች የአንዱ ስልክ ቢሰረቅ ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል።

ስልክ ሳይሰረቅም አካውንት ይሰረቃል። አካውንታችን የቆመው በስልክ ቁጥራችን ላይ ነው፤ በአዲስ ስልክ ሲከፈት ኩባንያው ኮድ ይልካል፤ ኮዱን የያዘ ሰው ባለቤቱ ይሆናል። ሌባው ታዲያ ኮዱን የሚጠይቀው በማናውቀው ስም አይደለም። አስቀድሞ የሰረቀውን የአጎታችንን ልጅ አካውንት ይዞ ይመጣና «በስህተት ወዳንቺ ኮድ ልኬ ነበር፤ እስቲ ላኪልኝ» ይላል። የዘመድ ስም ስለሆነ እንልካለን። በሚቀጥለው ሰዓት የእኛን ስም ይዞ ለሌሎች ዘመዶች «ተቸግሬያለሁ፤ በቴሌብር ትንሽ ላክልኝ» እያለ ይጽፋል። መከላከያው ሁለት ነው። ኮድ ለማንም፣ ለእናት ለአባትም ቢሆን አይሰጥም። ሁለተኛው «ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚባለውን በሴቲንግ ከፍቶ ራሳችን ብቻ የምናውቀውን የይለፍ ቃል መጨመር ነው፤ ያኔ ኮዱ ብቻውን በር አይከፍትም። ገንዘብ ሲጠየቅ ደግሞ ወደሚታወቀው ቁጥር በመደበኛ ስልክ መደወል ነው። ዛሬ የሰውን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ስለሚቻል፣ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀውን ነገር መጠየቅም አይከፋም።

መርዶ በፌስቡክ

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ ይህ ነው። በእኛ ዘንድ ሞት እንዲሁ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ ቅርብ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይሄዳል፤ የሚነግር ይመረጣል፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚደግፍ አብሮ ይቆማል፤ ከተነገራትም በኋላ ብቻዋን አትተውም። ይህ ሥርዓት ሰው በድንጋጤ ብቻውን እንዳይጎዳ አያት ቅድመ አያት ያሰቡት ጥበብ ነው። አሁን ግን ቶሮንቶ የምትኖር ልጅ በአውቶብስ ወደ ሥራ ስትሄድ ፌስቡክ ከፍታ የአባቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ታያለች። የለጠፈው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ «ነፍስ ይማር» ማለቱ ነው። ልጅቱ ግን መርዶዋን የሰማችው ከማታውቀው የሰፈር ልጅ፣ በእንግዳ ሕዝብ መካከል ቆማ ነው። የፕሮፋይል ፎቶን ወደ ጥቁር መቀየርም ያው ነው፤ ውጭ ያለ ሰው የሦስት ዘመዶቹ ፎቶ በአንድ ቀን ሲጠቁር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ስለዚህ ሐዘን የደረሰበት ቤት ከድንኳኑ በፊት አንድ ነገር ሊያደርግ ይገባል ብዬ አምናለሁ፦ የስልኩን ጉዳይ የሚይዝ አንድ ሰው ይሰይም። ያ ሰው ውጭ ያሉትን ቅርብ ዘመዶች ዝርዝር ይይዛል፤ ለእያንዳንዳቸው እዚያው ከተማ ያለ የሚቀርባቸውን ሰው ይፈልጋል፦ ጓደኛ፣ የደብሩን ካህን፣ የመስጊዱን ሰው፣ የማኅበር ወይም የእድር አባል። እነሱ ተሰብስበው ሄደው እስኪነግሯቸው ድረስ ለመንደሩም፣ ለቤተሰብ ግሩፑም «ምንም እንዳይለጠፍ» ይባላል። ሁሉም ከሰሙ በኋላ የፈለገ ይለጥፍ፤ ያኔ ፌስቡክ መልካም ነገር ይሠራል፣ የሩቁ ሁሉ ያጽናናል። ብቻዋን ሰው ቤት ላለች ልጅ ነገሩ ይከብዳል። ለወራት መደበቅ ትክክል አይደለም፤ እውነቱን የማወቅ መብት አላት፣ ዝምታውም ጥርጣሬ ይሆንባታል። የሚቻለው እዚያው አገር ያለች ጓደኛዋ በዕረፍት ቀኗ አግኝታት እንድትነግራት ማመቻቸት፣ ያም ካልሆነ ከምትወዳቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ጋር በአንድ ጥሪ ማገናኘት ነው። በጽሑፍ ግን አይሁን።

ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ

ይህን ያላየ ቤተሰብ የለንም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 9 ቀን 2023 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ነበር። በዚያው ዓመት ከኦገስት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። በትግራይ ከኖቬምበር 2020 በኋላ መደበኛ ስልክም ሳይቀር በመጥፋቱ ሰዎች ስለ ወላጆቻቸው ለወራት ምንም ሳይሰሙ ቆይተዋል፤ ቀይ መስቀል በሳተላይት ስልክና በአጭር የቤተሰብ መልእክት ማገናኘት ነበረበት።

የማኅበራዊ ሚዲያ መገደብ፣ የኢንተርኔት መቋረጥና የስልክ መጥፋት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሲሆን ያልተገደበ ሌላ አፕሊኬሽን ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በአንድ ላይ ብቻ ባይንጠለጠል ይሻላል። ሁለተኛው ሲሆን መደበኛ ጥሪና ኤስኤምኤስ ይሠራሉ። ለዚህ ግን ቁጥሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ዛሬ የምናውቀው የዘመዳችንን ፎቶና ስም እንጂ ቁጥሩን አይደለም። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም፣ የሱቁንም። ከውጭ ለሚደውል ሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ኮድ 251 ነው፦ ከሚኖርበት አገር ወደ ውጭ መደወያውን ያስቀድማል፣ 251ን ያስከትላል፣ ከዚያ በ09 ወይም በሳፋሪኮሙ 07 ከሚጀምረው ቁጥር ላይ ዜሮዋን ትቶ ቀሪውን ይደውላል።